እናቴ፣ እህቴና ሁለቱ ምድጃዎች

ሰው በጓደኛው ትዳር ይቀናል፣ በጎረቤቱ መኪና ይቀናል። እኔ በታናሽ እህቴ ምድጃ ቀናሁ። ያውም በአሮጌ ምድጃ፤ አንድ እግሩ አጥሮ የሸክላ ቁራጭ በተሸጎጠለት፣ ሲነሳ እንደ ታመመ ሰው በሚያቃስት ምድጃ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ። የእሱ እናት ሌላ ቤት ሞቋት ቀርታበት አታውቅ ይሆናል።

እናቴ ከደሴ የመጣችው ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያረግፉበት ሰሞን ነበር። የቪዛ ጉዳይዋን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የጨረስኩትም እኔ ነኝ። ኤርፖርት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ስትወጣ መጀመሪያ ያቀፍኳትም እኔው ነኝ። እህቴ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበረች ዘግይታ ነው የደረሰችው፤ ያም ሆኖ እናቴ ያለቀሰችው እሷን ስታይ ነው። ያኔ ዋጥ አደረግኩት።

ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ፣ ፒከሪንግተን ባለው ቤታችን ከታችኛው ፎቅ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል አዘጋጅቼላት ነበር። ደረጃ እንዳትወጣ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንዲቀርባት፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ አስገጥሜ፣ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ ሁሉ አንስቼ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሚኖሩበት ቤት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ሰው የት እንደሚወድቅ፣ ምን ሲያነሳ እንደሚወድቅ፣ ከወደቀ በኋላም ምን እንደሚሆን ስላየሁ እናቴን ምንም ነገር አላስነካትም ብዬ ምዬ ነበር። ሳህን ልታነሳ ብድግ ስትል «እማ፣ ተቀመጪ!» እላለሁ። ልብስ ልታጣጥፍ ስትል «እማ፣ ተይው!» እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አክብሮቱ ለጉድ ነው፤ ገና ከወንበሯ ስትንቀሳቀስ «እኛ እያለን እርስዎ? በፍጹም እማማ!» ይላታል። እሷም ትቀመጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋ የኖረች ሴት ናት፤ አሁንማ ትረፍ። እናትን ማክበር ለኔ ይህ ነው።

ከዚያ ብርዱ መጣ።

ሂተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ እኔ ቤት ውስጥ በካናቴራ ነው የምዞረው። እናቴ ግን ጋቢ ላይ ሌላ ጋቢ ደርባ ሶፋው ጥግ ኩርምት ትላለች። «ይሄ ንፋስ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሙቀቱ የሚወጣበትን የወለል ቀዳዳ በእግሯ ጣት እየነካች። «ከየት እንደሚመጣ የማይታይ ሙቀት አያሞቅም።» የሂተሩን መቆጣጠሪያ ቁጥር ከፍ አደረግኩላት። ባለቤቴ ማታ ሲገባ እንፋሎት መታጠቢያ የገባ መስሎት ሸሚዙን አወለቀ። እናቴ ከነጋቢዋ ነበረች።

እህቴ የምትኖረው ካናል ዊንቸስተር ነው፤ ከኛ በመኪና ብዙም የማይርቅ አዲስ ሰፈር። ባሏን ከፈታች ወዲህ ብቻዋን ናት። እዚያው አጠገቧ ካሉት ሰፋፊ የዕቃ መጋዘኖች በአንዱ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ ጠዋት ትገባና ቀን ትተኛለች። ቤቷ ውስጥ አንድም ዕቃ በቦታው አይገኝም። ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ የሥራ ሰደርያዋ የምግብ ወንበር ላይ ነው፣ ፍሪጇን ብትከፍቱ ከእንቁላልና ከጠወለገ ሎሚ በስተቀር ምንም የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምትረሳው እሷ፣ የማስታውሰው እኔ ነኝ።

ምድጃውን የሰጣት ከተማውን ለቅቆ የሄደ የሥራ ባልደረባዋ ነው። የፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ እንደ ዶሮ መኖ ፍሬ ፍሬ ተደርጎ የሚሠራ ማገዶ ነው፤ በከረጢት ይሸጣል። የእህቴ ቤት አዲስ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ማንደጃ የለውም፤ ስለዚህ የሷ ምድጃ ራሱን ችሎ የሚቆም ዓይነት ነው። ሳሎኑ ጥግ ሸክላ ተነጥፎለት በአራት እግሩ ቆሟል። ቧንቧው ከጀርባው ወጥቶ፣ ግድግዳውን በስቶ ውጭ ይተነፍሳል። ከላይ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ይከፈትና ፔሌቱ ሆዱ ውስጥ ይጨመራል።

እናቴ ለቅዳሜና እሁድ ብላ እዚያ ሄደች። እሁድ ደወልኩ።

«መጥቼ ልውሰዳት?»

«ትንሽ ትቆይ ባክሽ፣ ሞቋታል» አለችኝ እህቴ። «ስቶቩን ላቭ አድርጋዋለች።»

ሞቋታል! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ይህች ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እህቴ ቤት ሞቋታል ማለት እኔ ቤት በርዷት ነበር ማለት ነው።

ይባስ ብሎ የጥየቃ ሰሞን ነበር። እናት ከአገር ቤት ስትመጣ የሚያውቅም የማያውቅም ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ይመጣል፤ ተምር የያዘ፣ ጭማቂ የያዘ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ሳይቀር በጀርባው የተሸከመ ይመጣል። በሬን የሚያንኳኳው ሁሉ ዓይኑን ከኔ ትከሻ በላይ አሻግሮ «እናትሽስ?» ይለኛል። «ለጥየቃ እህቴ ጋ ሄዳ ነው» እላለሁ፤ «ለጥየቃ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ፣ የቀረች እንዳትመስል። ከዚያ ቆሜ ወደ ካናል ዊንቸስተር የሚወስደውን መንገድ አሳያለሁ። የወሎ ሴቶች በቡድን መጥተው ቆመው ሲመለሱ፣ አንዷ መኪና ውስጥ ገብታ ሳትጨርስ «ታናሺቱ ጋ ነው የምትኖረው ለካ!» ስትል ሰማኋት። ፊቴ እሳት ሆነ። በመስኮት እያጨበጨብኩ «ለጥየቃ ነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ተተካ። የደም ግፊት መድኃኒቷን ላደርስላት በሚል ሰበብ፣ ከሥራ ኦፍ በሆንኩበት ቀን ወደ ቀትር ገደማ ሄድኩ። መድኃኒቱ እጇ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ናት። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ቀስ! ተኝታለች» አለችኝ።

እህቴ ሶፋው ላይ ከነሥራ ልብሷ አፏን ከፍታ ተኝታለች። የለበሰችው ጋቢ ለእናቴ የሰጠኋት ጋቢ ነው። እናቴ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ የቲማቲም ጣሳ ይዛለች። ጣሳውን ከከረጢቱ ሞላች፤ የምድጃው ክዳን ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ ይዛ ከፈተችው፤ ፔሌቱን ቀስ ብላ አፈሰሰች። ከዚያ በቀጭን ብረት ውስጡን ነካ ነካ አደረገችለት።

«ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርበታል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ባለፈው በደንብ ሳላጎርሰው ቀርቼ ጠፋና ልጄን በረዳት።»

ልጄን በረዳት አለች። እዚያው እንደቆምኩ ቀናሁ። መናደድ የነበረብኝ በሌላ ነገር ነው፤ የጋለ ብረት፣ ከባድ ከረጢት፣ የሚያንሸራትት ሸክላ፤ አንዲት አሮጊት ለመውደቅ የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ እዚያች ጥግ ተሟልቷል። የተናደድኩትም በዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ዓይኔ ያረፈው እህቴ እንቅልፍ ላይ ነው። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ በዚህ አገር ተኝቼ አላውቅም። እኔ ስተኛ እሳት የሚያጎርስ፣ የመጣውን ሰው በር ላይ «ቀስ!» የሚል የለም። እንዲህ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ባል እያለኝ፣ ቤት እያለኝ፣ እህቴን ከሶፋው ላይ ገፍትሬ እኔ ልተኛበት አማረኝ።

«ተቀመጪ እንጂ» አለችኝ እናቴ።

«አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ» አልኳት። የምቸኩልበት ነገር አልነበረም።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለባለቤቴ ደወልኩ። «ምድጃ እንገዛለን» አልኩት።

«የምን ምድጃ?»

«የፔሌት።»

ያውቀኛል። «ለእማማ ነው ወይስ ለእህትሽ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ምድጃ የሚሸጥበት ቤት ፍራንክሊንተን ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። ባለቤቴንና እናቴን ይዤ ሄድኩ፤ እናቴን የወሰድኳት እንድትመርጥ ሳይሆን ስመርጥላት እንድታይ ነው። ሻጩ ጢሙ የሸበተ፣ የማይቸኩል ፈረንጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀን ቤታችን ውስጥ የግድግዳ ማንደጃ አለ ወይ ብሎ ነበር። አለ። ቤታችን የቆየ ስለሆነ ሳሎኑ ውስጥ በጡብ የተሠራ ፋየር ፕሌስ አለው። ከገባን ጀምሮ አንድደነው አናውቅም፤ የደረቀ አበባ አስቀምጬበታለሁ፤ ሥራው ብርድ ማስገባት ብቻ ነው።

«እንግዲያው መምረጥ ትችላላችሁ» አለን። አንደኛው ኢንሰርት የሚሉት፣ እዚያው የጡቡ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰካ ነው። በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ አዲስ የብረት ቧንቧ እስከ ጣሪያ ይዘረጋለታል፣ ዙሪያው በጥቁር ብረት ይደፈናል፣ ፊቱ ከግድግዳው ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። ቦታ አይወስድም። ሙቀቱን በማራገቢያ ወደ ክፍሉ ይገፋል። ሆዱ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ደህና ጽዳት ሲያስፈልገው ደግሞ ከጉድጓዱ ተጎትቶ መውጣት አለበት። ሌላኛው የሚቆመው ነው፤ የእህቴ ዓይነት። ሆዱ ሰፊ ነው፣ በየጎኑ ያሞቃል፣ ለማጽዳትም ለመጠገንም ይመቻል። ከግድግዳና ከሶፋ ግን መራቅ ስላለበት ሳሎኑን ቆርሶ ይወስዳል።

«ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ» አለ ሻጩ። «መብራት ከጠፋ እሳቱም ይጠፋል።»

ባለቤቴ ለእናቴ ተረጎመላት። እናቴ ሳቀች። «መብራት ካለማ እሳት ምን ያደርጋል?» አለች። ባለቤቴ ይህንንም ለሻጩ ተረጎመለትና ሰውዬው ጢሙን ይዞ ሳቀ።

ባለቤቴ ኢንሰርቱ ጋ ሄዶ ቆመ። «ጉድጓዱ እያለን ሳሎን ምን አጣበበን?» አለ። እናቴ ደግሞ የሚቆመውን ዙሪያውን ዞረችው። ጀርባውን አየች፣ እግሩን አየች፣ ክዳኑን አንስታ ባዶ ሆዱ ውስጥ አጎንብሳ ተመለከተች። «ይሄን ከላይ ነው የሚያጎርሱት» አለች። ከዚያ ወደ ኢንሰርቱ መጥታ «የዚህስ አፉ የት ነው?» አለችኝ። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ከፍቶ አሳየን። ጠዋት ከሞላ ማንም ሳይነካው እንደሚነድ፣ ከስልክም ሊበራና ሊጠፋ እንደሚችል ነገረን።

«ማንም ሳይነካው?» አለች እናቴ።

«ማንም ሳይነካው!» አልኳት፣ እኔ የሠራሁት ይመስል ኮራ ብዬ።

እናቴ እጇን ከኢንሰርቱ ላይ አነሳችና ተመልሳ የሚቆመው ጋ ሄደች።

ያን ጊዜ «ለምን ወደድሽው?» ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ የማውቅ መሰለኝ። የሚቀና ሰው ሁሉን ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። እናቴ የሚቆመውን ስትዳስስ እኔ የታየኝ የእህቴ ሳሎን ነው። እዚህም ድረስ ተከትላን መጣች አልኩ በሆዴ። የሚቆመውን ብገዛ እህቴ መጥታ «እንዴ፣ እንደኔው ገዛሽ!» ትላለች። እናቴም ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «ልክ እንደ እህቷ» ትላለች። ልክ እንደ እህቷ! እኔ ታላቋ! ለሰው የሚነገር ምክንያትም ነበረኝ፤ ኢንሰርቱ ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ አያደናቅፍም፣ እናቴ ብትወድቅ እንኳ ላዩ ላይ አትወድቅም። እውነት ነው፤ ግን ያ ባይኖርም የምገዛው እሱን ነበር።

«ኢንሰርቱን እንወስዳለን» አልኩ።

ሠራተኞቹ መጥተው ገጠሙት። አበባዬን አውጥቼ ጣልኩት። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከግድግዳው ጋር የተወለደ የሚመስል ምድጃ ሆነ። እህቴን ሆን ብዬ ጠራኋት። መጥታ እጇን ኪሷ ከትታ አየችው።

«ዋው፣ ቆንጆ ነው» አለች። «ያንቺማ ስማርት ነው። የኔ እኮ ጃንክ ነው፣ እማ ባትኖር ገና ድሮ እጥለው ነበር።»

ቅንጣት ቅናት የለባትም። እሱም አናደደኝ። ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ሲያሳይ ትንሽ እንኳ መቅናት የደንብ አይደለም? ያም ሆነ ይህ እናቴን ከነሻንጣዋ አመጣኋት፤ ለሚደውለው ሁሉ «እኔ ጋ ናት፣ ምድጃ አስገባንላት» እያልኩ ሰነበትኩ።

ጠዋት ባለቤቴ ከመውጣቱ በፊት ሆዱን ሞልቶ ይሄዳል። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ በስልኬ አነደዋለሁ። መጀመሪያ ቀን እሳቱ በራሱ ቦግ ሲል እናቴ «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ ማፈግፈጓን ገና ያልወጣው ባለቤቴ አይቶ ነገረኝና ሳቅን። ፊት ለፊቱ ምቹ ወንበር አደረግኩላት፣ የእግር ማሳረፊያ አደረግኩላት። እሷም ተቀመጠች፤ የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች፣ ትጸልያለች፣ እሳቱን ታያለች።

«ሞቀሽ እማ?»

«ሞቀኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የምድጃውን መስታወት በጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት። «እማ! ትቃጠያለሽ!» ብዬ ጨርቁን ከእጇ ወሰድኩ። «ጠፍቶ እኮ ነው» አለች። «ቢጠፋም!» አልኳት። በሌላ ቀን አመድ መጥረጊያውን ፈልጋ ስታጣ ባለቤቴን ጠየቀችው። «ጠርጌዋለሁ እማማ፣ እርስዎ እንዳይለፉ ብዬ» አላት። «ይባርክህ» አለችው። ተመልሳ ሄዳ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋደመቻቸው። የምሠራበት ቤት ውስጥ ከምሳ በኋላ መስኮት ፊት የሚደረደሩት አሮጊቶች እጃቸውን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ይህ ትዝ ሲለኝ ወጥ አማስላለሁ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ብዙም ሳትቆይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ በሌለበት «እህትሽ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ምን ጎደለሽ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለኝም።»

«በረደሽ?»

«ሞቆኛል አልኩሽ እኮ፣ የኔ ዓለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«እዚያ ያለው ምድጃ ያለኔ አይነድም» አለች። «ልጅቷ እንደሆነች ገብታ ዘፍ ነው። አታጎርሰው፣ አመዱን አትጠርግለት። በርዷት ነው የምትተኛው።»

«እኔስ?» አልኳት።

አምልጦኝ ነው። ድምፄ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ የምሯን ገርሟታል።

«አንቺማ ሁሉ ሞልቶልሻል፣ ወላሂ። እዚህ ቤት እሳቱ እንኳ ሰው አይፈልግም። እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ለምስጋና ነው ያለችው። በኛ ዘንድ እናት «ልጄ ሁሉ ሞልቶላታል» ብላ ከመሰከረች ከዚያ በላይ ምርቃት የለም፤ ሌላ ሰው ፊት ብትለው ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ከቤቴ የምትወጣበት ምክንያት ሆኖ መጣ። ሁሉን ያሟላሁት እኔ፣ ቦታ ያሳጣኋትም እኔ። ከምትረሳው፣ ከምታዝረከርከው፣ አፏን ከፍታ ከምትተኛው እህቴ ጋ ሄደች፤ እዚያ እጇ ሥራ አለው። ሻንጣዋን ጫንኩ። መንገድ ላይ «ተቆጣሽ?» አለችኝ። «ምን ያስቆጣኛል?» አልኳት፣ መሪውን አንቄ ይዤ።

ከዚያ በኋላ ያ ምድጃ ዓይኔን አስጠላኝ። አይጠፋም፣ አያቃስትም፣ ጉሮሮው ላይ ምንም አይቀረቀርበትም። ከሥራ ስገባ ቤቱ ሞቆ ይጠብቀኛል፤ ባዶውን ሞቆ። ባለቤቴ «እንዴት ያለ ዕቃ ነው ባክሽ!» ባለ ቁጥር ልቤ ይበግናል። ምነው ትንሽ እንኳ ቢበላሽ እያልኩ አየዋለሁ። አዲስ ዕቃ ስለሆነ አልተበላሸም። ስለዚህ በረዶ ሲጥል በዋለበት ቀን፣ ኦፍ ሆኜ፣ ባለቤቴ ከወጣ በኋላ ሶኬቱን ነቀልኩት። የቤቱንም ሂተር ዝቅ አደረግኩት። ሹራብ ደርቤ ደወልኩ።

«እማ፣ ምድጃው እምቢ አለኝ።»

«አጉርሰሽዋል?» አለችኝ ወዲያው። ድምፅዋ ተለወጠ።

«አጉርሼዋለሁ።»

«አመዱንስ?»

«እንጃ፣ እኔ አላውቅበትም። ቤቱ በጣም በርዷል።»

«አብሽሪ፣ መጣሁ» አለች። እንድመጣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።

እህቴ ናት ያመጣቻት። ሰደርያዋን እንደለበሰች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ተጨፍኖ፣ «ደግፈሽ አስገቢያት፣ መንገዱ ያዳልጣል» ብላኝ ሳትወርድ ተመለሰች። እናቴ ኮቷን ሳሎን እስክትደርስ እንኳ አልታገሰችም፤ ኮሪደሩ ላይ አውልቃ ሰጠችኝ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ ጡቡ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

እጆቼ ክንዷን ሊይዙ ተዘረጉ። የሥራ ልማድ ነው፣ ሳላስበው ነው። መልሼ ብብቴ ውስጥ ወሸቅኳቸው። ተንበርክካ ታጎነብሳለች፣ ታቃስታለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። እንደዚያ ከባድ ነገር ሠርቼ አላውቅም። መስታወቱን ከፈተች፣ አመዱን በእጇ መዘነች፣ ማንደጃውን በሹካ እጀታ ጫር ጫር አደረገች። «ጉሮሮው ደህና ነው» አለች ለራሷ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍታ ሆዱን አየች። «ጠግቧል» አለች። ከዚያ ዓይኗ ገመዱን ተከተለ። ገመዱ በጡቡ ጠርዝ ሄዶ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል፤ መጨረሻው ግን ግድግዳው ውስጥ አልነበረም። ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በደንብ አልደበቅኩትም ነበር።

እናቴ ሶኬቱን አንስታ ጫፉን አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ በመስኮት በረዶውን አየሁ። አንገቴ ድረስ ሞቀኝ፤ «ለምን ዋሸሽኝ?» እስክትል ጠበቅኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዋሽቻት አላውቅም፤ ዋሾዋ እህቴ ነበረች።

እሷ ግን ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰካችው። ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ፔሌቱ መንጠባጠብ ያዘ፣ ጢሱ ተነሳ፣ ነበልባሉ ብቅ አለ። እናቴ ፊቷ በእሳቱ ቀልቶ፣ አንድ እጇን ጡቡ ላይ አስደግፋ፣ እሳቱን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ቶሎ የሚበጅ አይደለም» አለች። «ብርዱ እስኪያልፍ ሳይፈጅብኝ አይቀርም። ለእህትሽ ደውለሽ ንገሪያት።»

ወጥ ቤት ገብቼ ደወልኩላት። ገና መኪናዋን አቁማ ወደ ቤት እየገባች ነበር።

«ፊክስ አደረገችው?» አለችኝ።

«ገና ነው፤ ብርዱ እስኪያልፍ ይፈጃል አለች» አልኳት። «እዚህ ልትቆይ ነው።»

በስልኩ ውስጥ በሯ ሲከፈት፣ ቁልፏን የሆነ ቦታ ስትጥል ሰማሁ። ቤቷ ያኔ ምን ያህል እንደሚበርድ አውቃለሁ።

«እኔስ?» አለች፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ ከሳሎን።

ስልኩን ዘጋሁት። «እሺ ብላለች» አልኳት፣ እና ፔሌት ማጉረሻ ጣሳ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ።